የማይሸሽ ዓሣ

የምሠራው በደቡብ እስራኤል ባለችው ኢላት ውስጥ፣ ከከተማዋ ወደ ታባ ድንበር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ሱቅ ነው። የመጥለቂያ መነጽር፣ የመተንፈሻ ቱቦና የዋና ክንፍ እናከራያለን። ከመንገዱ ማዶ ቀይ ባሕር ነው፤ ከባሕሩ ማዶ የዮርዳኖስ ተራሮች። ደንበኞች የእግራቸውን ቁጥር ነግረውኝ ልካቸውን እስክፈልግ ድረስ ዝም ብለው አይቆሙም፤ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሻርክ አለ?»

አለ፤ ዳር ላይ ግን አታገኙትም እላቸዋለሁ። ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይፈታና በባዶ እግራቸው ወደ ውኃው ያመራሉ። ያኔ ነው ከኋላቸው ጮኼ የምመልሳቸው። በዚህ ዳርቻ ሰው የሚጎዳው አሳድዶት በመጣ እንስሳ አይደለም፤ ራሱ ሄዶ በረገጠው ነው።

ስለዚህ ለሁሉም የምነግረው አንድ ደንብ አለኝ። ስትጠጉት የሚሸሸው ዓሣ አያሳስባችሁ፤ የማይሸሸውን ግን እጃችሁን ሰብስባችሁ እዩት። እግሬ አውጪኝ ማለት የሚችል ዓሣ ብዙውን ጊዜ ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም። ቀርፋፋ ሆኖ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እየመጣበት ንቅንቅ የማይል ከሆነ ግን የሚተማመንበት ነገር አለው ማለት ነው።

አንበሳ ዓሣን ውሰዱ። ከሱቃችን ፊት ለፊት ያለው የእንጨት ድልድይ ጥላ በሚጥልበት በኩል ሁልጊዜ አይጠፋም። ቀይ ቡኒና ነጭ መስመሮቹን ለብሶ፣ ክንፎቹን ዘርግቶ፣ አንዳንዴም አናቱን ወደ ታች ደፍቶ ይንሳፈፋል። ፎቶ አንሺዎች ይወዱታል፤ እሱም አይከለክላቸውም። ጀርባው ላይ 13 እሾሆች አሉት፤ ሆዱ በኩልም ይጨመራሉ። እያንዳንዱ እሾህ ቦይ አለው፤ መርዙ ያለው ቦዩ ውስጥ ነው፤ ከላይ በስስ ቆዳ ተሸፍኗል። እሾሁ ሲወጋ ቆዳው ወደ ኋላ ይሸበሸብና መርዙ ቁስሉ ውስጥ ይቀራል። ዓሣው መርዝ የሚረጭበት ጡንቻ የለውም። መርዙን የሚያስገባው የተወጋው ሰው የራሱ ጉልበት ነው። ይህን ስነግራቸው ብዙዎች አያምኑኝም፤ አንበሳ የሚል ስም የተሰጠው እንስሳ ዘሎ የሚይዝ ይመስላቸዋል።

ድንጋይ ዓሣ ከዚህ ይብሳል። አንበሳ ዓሣ ቢያንስ «እዚህ ነኝ» ይላል። ድንጋይ ዓሣ ግን ድንጋይ መስሎ፣ አልጌ በቅሎበት፣ ግማሽ አካሉን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ይተኛል። የሚተኛው በዋነኛነት ለማደን ነው፤ አጠገቡ የሚያልፈውን ትንሽ ዓሣ አፉን ከፍቶ በቅጽበት ይውጣል። የጀርባው 13 እሾሆች ግን ለምግብ አይደሉም፤ ከላይ ለሚመጣበት ነገር የተቀመጡ ናቸው። ከላይ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ የሰው እግር ነው። ሕመሙን ያየ ሰው በባዶ እግሩ ባሕር አይገባም። ጎልማሳ ሰው፣ ለዓመታት በውትድርና የኖረ፣ በሱቃችን ወለል ላይ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ አይቻለሁ።

መርዙ ፕሮቲን ስለሆነ ሙቀት ያፈርሰዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው እርዳታ ሙቅ ውኃ ነው። የእኛ ሱቅ ለሻይ የምናፈላበት የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ አለው፤ ከመደርደሪያው ሥር ደግሞ ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ። የተወጋውን እግር ሰው ሊታገሠው በሚችለው፣ ከ45 ዲግሪ በማይበልጥ ውኃ ውስጥ እናስገባለን፤ ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት። ውኃው የሚለካው በጤነኛው እግር ወይም በሌላ ሰው እጅ ነው፤ የተወጋው እግር ሙቀቱን በትክክል ስለማይለይ በመርዙ ላይ ቃጠሎ ይጨመራል። ይህን የምጽፈው ለኢላት ብቻ አይደለም። ጅዳም ጅቡቲም ያላችሁ የምትዋኙት በዚሁ ቀይ ባሕርና በአፉ ላይ ነው፤ ዓሣውም ያው ነው።

የባሕር ጃርት፣ ድንጋይ ላይ የሚቀመጠው ባለ እሾህ ክብ እንስሳ፣ ነገሩ ይለያል። እሱን እወደዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ባላውቅም ከሁሉም በላይ ቆሜ የማየው እሱን ነው። ረጃጅሞቹ ጥቁር እሾሆቹ ከመርፌ ይቀጥናሉ፤ ውስጣቸው ክፍት ስለሆነ ቆዳ ውስጥ ገብተው ይሰበራሉ፤ በወረንጦ ሲይዟቸው ይደቅቃሉ። መካከሉ ላይ ብርቱካናማ ቀለበት ያለው አንድ ክብ ነገር አለ፤ ሰዎች ዓይኑ ይመስላቸዋል። ፊንጢጣው ነው። ዓይን የለውም፤ ያያል ግን። ፀሐይ ከኋላችሁ ስትሆን ከሩቅ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጥላችሁን ቀስ ብላችሁ አሳልፉበት። ጥላው የነካው ወገን እሾሆቹ ዘወር ብለው ወደ ጥላው ያመለክታሉ። እጃችሁን ወደ ሌላው ወገን ስትወስዱ የዚያኛው ወገን እሾሆች ይነሳሉ። የአካሉ ቆዳ ብርሃን ሲቀንስ ስለሚያውቅ፣ ጥላ የጣለው ማንም ይሁን ማን ጫፉን ያዞርበታል። በእሾሆቹ መካከል ጣት የማያክሉ ትናንሽ ዓሦች ተጠግተው ይኖራሉ፤ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ።

እንዲህ የታጠቀ እንስሳ ማንም አይበላውም ማለት ግን አይደለም። ትሪገር የሚባለው ዓሣ ጃርቱን ፊት ለፊት አይገጥመውም። አፉን ወደ ታች አድርጎ ውኃ ይተፋበታል፤ በውኃው ግፊት ይገለብጠዋል፤ ከዚያ እሾሁ አጭር በሆነበት በሆዱ በኩል ይበላዋል። ትሪገር ራሱ ሲያሳድዱት ደግሞ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይገባና የጀርባውን የመጀመሪያ እሾህ ያቆማል። ሁለተኛው አጭር እሾህ ከሥሩ ይቆልፈዋል። ያኔ ጭራውን ይዞ የሚጎትት ሁሉ ይደክማል እንጂ አያወጣውም። ሁለተኛው እሾህ ካልተጫነ የመጀመሪያው አይታጠፍም።

ጃርቶቹን የጨረሳቸው ግን ትሪገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ እሾሆቻቸው ረግፈው ነጭ ቅርፋቸው ብቻ ሲንከባለል አየን። በሽታው በሜዲትራኒያን በኩል ግሪክና ቱርክ ጀምሮ ነበር። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ኦምሪ ብሮንስታይንና ባልደረቦቹ መንስኤው በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ተሕዋስ መሆኑን ለይተዋል። ለሱ እሾህ ምን ያደርገዋል? ጃርቱ ደግሞ ኮራሉ፣ ጥቃቅን እንስሳት የሠሩት የባሕር ዓለት፣ ላይ የሚበቅለውን አልጌ የሚግጥ ነውና እሱ ሲጠፋ አልጌው ሜዳውን ያገኛል። ደንበኞች በበኩላቸው ዳርቻው ስለ ጸዳላቸው ደስ አላቸው። አልመለስኩላቸውም።

አሁን ወደ ሻርኩ ልመለስ፤ ሻርክን አንገሽግሾ የሚያባርር ዓሣ እዚሁ ደጃችን ስላለ።

አስጎብኚዎች የሙሴ ዓሣ ይሉታል። ጠፍጣፋ ነው፣ ከእጅ መዳፍ ትንሽ የሚረዝም፤ ቡናማ ነጠብጣብና ቀለበት አለበት፤ አሸዋ ላይ ተለጥፎ ይውላል። ሙሴ ባሕሩን ሲከፍል መሐል ላይ የተገኘ ዓሣ ለሁለት ተሰንጥቆ እንዲህ ግማሽ ሆኖ ቀረ ይላሉ። ወሬው ደስ ይላል። ዓሣው ግን ሲፈለፈል እንደማንኛውም ዓሣ ግራና ቀኝ ዓይን ይዞ ነው የሚጀምረው፤ ሲያድግ አንዱ ዓይን በራሱ ላይ ተሻግሮ ከሌላው ጎን ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በአንድ ጎኑ ተኝቶ ይጨርሳል። ይህም ከተረቱ ባልተናነሰ ይገርማል።

ይህን ዓሣ ዝነኛ ያደረገችው አሜሪካዊቷ የዓሣ ተመራማሪ ዩጂኒ ክላርክ ናት። እ.ኤ.አ. በ1922 ኒው ዮርክ የተወለደች፣ እናቷ የጃፓን ዘር ያላት፣ በ1951 ግብፅ ገርደቃ ድረስ መጥታ የቀይ ባሕርን ዓሦች ያጠናች ሴት ናት። ኢላት ዓሣ ስትሰበስብ ይህ ጠፍጣፋ ዓሣ እጇ ላይ ከክንፎቹ ሥር ወተት የመሰለ ፈሳሽ አወጣባት። ፈሳሹ ያንሸራትታል፤ ጣቶቿን ነዘራት፣ አደነዘዛትም። ሌላው ሰው እጁን ታጥቦ ይረሳዋል። እሷ ግን ይህ ነገር ምን ይሠራል ብላ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ባለው የባሕር ምርምር ጣቢያ ከሻርክ ጋር አንድ ገንዳ ውስጥ አገናኘችው።

ሻርኩ ሊበላው አፉን ከፍቶ መጣ። ዓሣው መንጋጋው መካከል ገባ። መንጋጋው ግን አልተዘጋም። ሻርኩ አፉን እንደከፈተ ራሱን እያወዛወዘ፣ እየተወራጨ ዞረ፤ ዓሣውም ምንም ሳይሆን ወጥቶ ሄደ። ክላርክ በባሕሩ ውስጥም ገመድ ዘርግታ ሌሎች ዓሦችን ከሙሴ ዓሣ ጋር አሰለፈች፤ ሌሎቹ ሲበሉ እሱ ይቀራል። ቆዳውን በአልኮል ስታጥበው ግን እንደሌላው ዓሣ ተበላ። ስለዚህ ምሥጢሩ ያለው ቆዳው ላይ ነው። በ1974 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ስትጽፈው ዓለም ጉድ አለ፤ ሰውን ከሻርክ የሚያድን ቅባት ተገኘ ተባለ።

ቅባቱ ግን እስካሁን ሱቃችን መደርደሪያ ላይ የለም። ቢኖር በጥሩ ዋጋ እንሸጠው ነበር። ወተት በሚመስለው ፈሳሽ ውስጥ ያለው፣ ፓርዳክሲን የሚባለው መርዝ የሚሠራው እንደ ሳሙና ነው፦ የሕዋሱን ሽፋን ይሰባብራል፣ በተለይም የሻርኩን ስስ ስንጥብና አፍ ያቃጥላል። ይህ የሚሆነው ዓሣው ሻርኩ አፍ ውስጥ ገብቶ በቅርብ ሲለቀው ነው። ሰው ቆዳው ላይ ቀብቶት ቢዋኝ ባሕሩ ያቀጥነዋል፤ ሻርኩ የሚያውቀው ከነከሰ በኋላ ይሆናል፤ ያኔ ደግሞ ለዋናተኛው ምን ይጠቅመዋል? ነገሩን ይበልጥ የሚያስቀው፣ ሳሙና የሚመስል ከሆነ ሳሙናውን ራሱን ለምን አንሞክርም ያሉ ተመራማሪዎች ሻምፑ ውስጥ ያለውን አረፋ ሰጪ ንጥረ ነገር ሻርክ ላይ ሞክረው መሥራቱን አዩ። ችግሩ ግን ያው ሆነ፤ አፉ ውስጥ ካልገባ ዋጋ የለውም። ክላርክ በ2015 በ92 ዓመቷ እስከሞተችበት ዘመን ድረስ መጥለቅ አልተወችም።

እስካሁን ያነሳኋቸው ሁሉ በራሳቸው የሚተማመኑ ናቸው። በሌላው እንስሳ ዓይን የሚተማመኑም አሉ፤ እነዚህን ለማየት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ኮራሉ አልቆ አሸዋው የሚጀምርበት ቦታ ሂዱና ሳትንቀሳቀሱ ተንሳፈፉ። መጀመሪያ የምታዩት አንድ ጉድጓድ አፍ ላይ የተቀመጠ ጎቢ የሚባል ትንሽ ዓሣ ነው። ጥቂት ቆይቶ ከጉድጓዱ ሽሪምፕ የሚባል ባለ ብዙ እግር ትንሽ የባሕር እንስሳ ይወጣል፤ በጥፍሮቹ አሸዋ ገፍቶ ይደፋል፤ ተመልሶ ይገባል፤ ደግሞ ገፍቶ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር ይውላል። ዓይኑ ግን ደካማ ነው። ስለዚህ ውጭ እስካለ ድረስ ከረጃጅሞቹ ቀንዶቹ አንዱን ከጎቢው አካል ላይ አያነሳም። ጎቢው አንድ ነገር ሲጠረጥር ጭራውን ያርገበግባል፤ ሽሪምፑ በቀንዱ ያንን ሰምቶ ወደ ኋላ ይገባል። አደጋው ከቀረበ ጎቢውም በአናቱ ዘሎ ይከተለዋል። ጎቢው መቆፈር አይችልም፤ ሽሪምፑ ማየት አይችልም፤ ጉድጓዱ ግን የሁለቱም ነው። እስራኤላዊው ተመራማሪ ኢላን ካርፕሉስ ይህን ንግግራቸውን እዚሁ ኢላት ለዓመታት አጥንቶታል። እኔ የማውቀው የጎቢውን ፊት ብቻ ነው፤ ሲያየኝ መቼም ደስ ብሎት አያውቅም።

ሌሊት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ከጥልቁ ዋሻዎች ወጥተው ወደ ዳር የሚመጡ፣ ከዓይናቸው ሥር ብርሃን የሚሰጥ ከረጢት ያላቸው ትናንሽ ጥቁር ዓሦች አሉ። ብርሃኑ የዓሣው አይደለም፤ ከረጢቱ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው የሚያበሩት። ዓሣው የሚቆጣጠረው መጋረጃውን ነው፤ እንደ ዓይን ቆብ ያለ ቆዳ ከታች ወደ ላይ ይዘጋዋል። የሚያሳድደው ሲመጣ መብራቱን አብርቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዋኛል፤ በድንገት ያጠፋና መንገዱን ቀይሮ ይሄዳል። አሳዳጁ ብርሃኑ ያመራበትን ተከትሎ ባዶ ውኃ ይነክሳል። በባትሪ ልታዩዋቸው ከሞከራችሁ ምንም አታዩም፤ ባትሪያችሁን አጥፍታችሁ ጠብቁ።

በዚያው ሰዓት በቀቀን ዓሣ ድንጋይ ሥር ተኝቷል። ከዝርያዎቹ አንዳንዶቹ ከመተኛታቸው በፊት ከአፋቸው በኩል ዝልግልግ ፈሳሽ አውጥተው መላ አካላቸውን ይሸፍናሉ። ለረጅም ጊዜ ሽታቸውን ከትላልቅ አዳኞች ለመደበቅ ነው ሲባል ነበር። አውስትራሊያ ውስጥ የተደረገ ጥናት ደግሞ ሽፋኑ በሌሊት ደም ከሚመጥጡ ጥቃቅን የባሕር ተባዮች እንደሚከላከላቸው አሳየ፤ አጎበር ማለት ነው። ጠዋት ጥለውት ይሄዳሉ።

እናቴ አሽቀሎን ነው የምትኖረው፣ በሜዲትራኒያን በኩል። ጎርጎራ አካባቢ፣ ከጣና ዳር ያደገች ሴት ናት። ስለ ዓሣ እሾህ ሳወራላት አትደነቅም። «ቀረሶም እሾህ አለው፤ ከራሱ በኩል ወደ ጭራው እያሻሸሽ ካልያዝሽው ይወጋሻል» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ቀረሶ ጫጩቶቹን አፏ ውስጥ ደብቃ እንደምታሳድግም ከማንም መምህር በፊት የሰማሁት ከእሷ ነው።

አንድ ጊዜ ጎረቤቷ ከወደብ ያጠመደውን ትልቅ ብርማ ዓሣ በስጦታ ያመጣላታል። ገልብጣ አየችው፣ ቆዳውን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፣ መለሰችለት። ማታ ደውላ ነገረችኝ።

«ቅርፊት የለውም። ቅርፊት የሌለውን ደግሞ ምን ብዬ እበላዋለሁ?»

«ጥርሱ ምን ይመስላል እማዬ?»

«አራት ነው። እንደ ጥንቸል።»

ይህ ነፊ ዓሣ ነው፤ ያውም በስዊዝ ቦይ በኩል ከቀይ ባሕር ተሻግሮ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ሜዲትራኒያን ውስጥ የታየውና የተባዛው ዓይነት። ሲያስፈራሩት ውኃ ጠጥቶ ይነፋል፤ ሊውጠው የሚመጣ አዳኝ አፉ እንዲጠበው። ከዚያ በላይ ግን ጉበቱ፣ እንቁላሉና ቆዳው፣ በዚህኛው ዝርያ ሥጋውም ጭምር፣ ቴትሮዶቶክሲን አለባቸው። ይህ መርዝ ነርቭ ከጡንቻ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ ይዘጋል፤ በመጨረሻ እስትንፋስ ይቆማል። ማርከሻ የለውም፤ መተንፈሻ መሣሪያ ላይ አድርጎ እስኪያልፍ መጠበቅ ነው። እንደ ድንጋይ ዓሣ መርዝም በሙቀት አይፈርስም፤ ብትቀቅሉትም ብትጠብሱትም ያው ነው። እስራኤል ውስጥ ሰዎች በልተውት ተመርዘዋል፤ ለገበያ ማቅረቡም ተከልክሏል። ጎረቤቷን ወዲያው እንድታስጠነቅቀው ነገርኳት። «ነግሬዋለሁ። ኦሪት ዘሌዋውያን አሥራ አንድ አልኩት» አለችኝ።

ቅርፊት ሁልጊዜ ይለያል ብላችሁ ግን ባሕር ዳር እንዳትተማመኑበት። አንበሳ ዓሣ ቅርፊት አለው፤ እሾሁ ከተቆረጠ ሥጋው ይበላል፤ እሱም በዚያው ቦይ ተሻግሮ ሜዲትራኒያንን ስላጥለቀለቀ ቆጵሮስ ውስጥ ምግብ ቤቶች ያቀርቡታል።

ደንቤን የሚያፈርስ አንድ ዓሣ ስላለ እሱን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ትልቁ ትሪገር፣ ታይታን የሚሉት፣ ግማሽ ሜትር ያልፋል፤ ጥርሱ ኮራል ይሰብራል። በሌላ ጊዜ የራሱን ኑሮ ይኖራል። አሸዋ ላይ ጎድጓድ ሠርቶ እንቁላል በተጣለበት ሰሞን ግን አይሸሽም፣ ቆሞም አይጠብቅም፤ እየበረረ ይመጣል። የሚጠብቀው ግዛት ከጎጆው ተነስቶ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ነው። የደነገጠ ሰው ወደ ውኃው ገጽ ሽቅብ ሲወጣ ከግዛቱ የወጣ ይመስለዋል፤ ይልቁንም እየሰፋ በሚሄደው ግዛት ውስጥ እየቆየ ነው። ስለዚህ ወደ ጎን ዋኙ፤ ፊታችሁን ወደ እሱ አድርጋችሁ፣ ክንፋችሁን በመካከላችሁ አድርጋችሁ።

ባለፈው በጋ አንድ ደንበኛ ይህን ምክር ሰምቶ፣ እንደተባለው አድርጎ፣ እግሩ ደህና ሆኖ ተመለሰ። የቀኝ ክንፉ ጫፍ ላይ ግን ግማሽ ክብ የጥርስ ጉድጓድ አለ። የሱቁ ባለቤት ክንፉን አገላብጦ አይቶ ሒሳቡን ሙሉ ላስከፍል አለ። ደንበኛው ምክሩን የሰጠችኝ ሠራተኛህ ናት፣ ክንፉን አስቀድም ያለችኝም እሷው ናት ብሎ ተከራከረ። ግማሽ በግማሽ ተስማሙ።